የአባታችን ክሮም

ጋሼ በጎማ መፍቻው ሲመታው፣ ቀጮ በእጁ የያዘውን የቀለም ጣሳ እንኳ ገና አላስቀመጠም ነበር።

ጋሼ የምንለው ታላቃችን ነው። በያጅ ነው፣ ክንዱ የሰው ጭን ያህላል። ቀጮ ታናሻችን ነው፣ ሹፌር። እኔ መሃል ላይ ነኝ፤ ልብስ እሰፋለሁ፣ ምላሴም ከመቀሴ አይተናነስም። አባታችን ሲሞት የተወልን አንድ ቤትና አንድ ጥቁር መኪና ነው። መኪናው ዙሪያውን ክሮም ነው፤ የፊትና የኋላ ፓራውልቱ፣ የመስኮቶቹ ጠርዝ፣ የበር እጀታዎቹ ሁሉ ያብለጨልጫሉ። አባታችን ያን ክሮም ከእኛ አብልጦ ይወደው ነበር፤ ማጋነኔ አይደለም። የጣት አሻራ ካየበት ቀበቶውን ይፈታል። ብዙውን ጊዜ የሚገረፈው ጋሼ ነበር፣ የእኛንም ጥፋት «እኔ ነኝ» እያለ ስለሚወስድ። ከጆሮው ጀርባ ያለውን ጠባሳ ያወጣው የቀበቶው ዘለበት ነው።

የሚገርመው ግን፣ አባታችን ከተቀበረ በኋላ ያን ክሮም ተንበርክኮ የሚወለውለው ራሱ ጋሼ ሆነ። ኪሱ ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ይዞ ይዞራል። ይህ ሰው አብዷል እል ነበር።

ቀጮ ሥራ ካጣ ሰንብቷል። እንደምንም ብሎ አንድ ሆቴል እንግዳ እንዲያመላልስ ተቀበለው፤ ነገር ግን መኪናው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ይሁን፣ የሚያብለጨልጭ ነገር አናስገባም አሉት። ነገ ጠዋት መኪናውን ይዞ ካልቀረበ ቦታው የሌላ ሰው ነው።

ክሮሙን ጥቁር ልቀባው ነው ሲለኝ፣ «ጋሼ ይገድልሃል» አልኩት።

ሳቀብኝ። ወጥ ቤት ገብቶ ማንኪያ አመጣና የጣሳውን አናት ተጭኖ ጥቁር ቀለም ነፋበት። ሲደርቅ ጫፉን በጥፍሩ ይዞ ሳበው። ጥቁሩ እንዳለ ተገፎ ተነሳ፣ ማንኪያው እንደነበረው ነው።

«አየሽ እትዬ? ይሄ ቀለም አይደለም፣ ልብስ ነው። ለሥራ አለብሰዋለሁ፣ እሁድ እሁድ ለጋሼ አወልቅለታለሁ።»

«ታዲያ አስቀድመህ አትነግረውም?»

«እሱ በወሬ መቼ ያምናል? ሲመጣ ዓይኑ እያየ እልጥለታለሁ።»

ግቢ ውስጥ ተያያዝነው። የጎማዎቹን ሽፋን በጎማ መፍቻው ፈልቅቀን አወጣን። እሱ ክሮሙን በሳሙና አጠበ፣ ቅባት እንዳይቀርበት በአልኮል ወለወለው፤ እኔ ዳር ዳሩን የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ፣ የቀረውን በአሮጌ አንሶላ ሸፈንኩ። ስስ ሆኖ ከተቀባ ሲላጥ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ አንዱ ድርብ ጠንከር ሲል ሌላውን እየደረበ ቀባው። እያፏጨ ነበር የሚሠራው። ሲያፏጭ ከሰማሁት ቆይቼ ነበርና ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ድርብ ገና እርጥብ እያለ ጋሼ ከሥራ ቀድሞ መጣ።

መጀመሪያ አልጮኸም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ፓራውልቱን በመዳፉ አበሰው፣ መዳፉ ጠቆረ። ቁልፉን አውጥቶ አጥብቆ ፋቀው፤ የወጣለት ድቡልቡል ጥቁር እድፍ ነው። እርጥቡ አይላጥም፣ ይዝረከረካል። ትንሽ ዘግይቶ ቢመጣ በአውራ ጣቱ ይነሳለት ነበር።

«አባቴን ደግመህ ገደልከው» አለ።

«ጋሼ፣ ይላጣል! ስማኝ፣ ይላ...»

ጎማ መፍቻውን ከመሬት አነሳ። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፣ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ፊቱ ላይ። ቀጮ ወደቀ። ጋሼ ብረቱን ጥሎ ላዩ ላይ ተቀመጠበት፣ በቡጢ ይለው ጀመር። «ማን ንካ አለህ! ማን ንካ አለህ!» ይላል። ይህ የእሱ ቃል አይደለም። የአባታችን ነው፣ ድምፁ ሳይቀር።

ጀርባው ላይ ተንጠላጠልኩ። ጆሮውን ነከስኩት፣ ደሙ አፌ ገባ። በክርኑ ሲለኝ ሄጄ ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ። እኔ «ይላጣል!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ ቀጮም ከሥር በረገፈ ጥርሱ «ይላጣል» ይላል። የሚሰማን የለም።

ጣሳው ተንከባሎ እግሬ ሥር መጥቶ ነበር። አነሳሁት። የጋሼን ጸጉር ጨምድጄ ቀና አደረግኩትና ፊቱ ላይ ለቀቅኩበት። ዓይኑን ጨፈነ፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አፉን ግን አልማርኩትም፣ ጣሳው እስኪያልቅ። እየሳለና እያነቀው ከወንድሙ ላይ ተነሳ። ጎማ መፍቻውን አነሳሁ። ቢጠጋ ኖሮ አናቱን ለሁለት እከፍለው ነበር፣ ለዚህ ደግሞ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።

አልተጠጋም። ዓይኑን ገልጦ ወንድሙን አየ። የቀጮ ግራ ዓይን ያለበት ቦታ ደም ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር። አንሶላውን ከመኪናው ላይ ገፎ ቀጮን ጠቀለለው፣ ተሸክሞ እዚያው መኪና ውስጥ አስገባው። የለጠፍኩት ፕላስተር በነፋስ እየተርገበገበ ሆስፒታል ደረስን።

ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ ከአጠገባችን እየተነሳ ሄደ። ምን ያድርግ፣ አንዱ ፊቱ ጥቁር፣ አንዷ አፏ ደም። ጋሼ ቁጭ ብሎ ጉንጩን ያክካል። ሲያክ ሲያክ ጫፉ ተነሳለት። ሳበው። ጥቁሩ ከጉንጩ እስከ ግንባሩ በአንድ ላይ መጣ፣ ቅንድቡን ጭምር እየነቀለ። ጣቱ ላይ የተንጠለጠለውን አገላብጦ አየው።

«መኪናውም ላይ እንዲህ ነው?» አለኝ።

«ስንነግርህ ነበር» አልኩት።

ሐኪሟ ወጣች። ትከሻው ይጠገናል፣ ዓይኑን ግን ማትረፍ አልቻልንም አለች። ጋሼ ልጣጩን በጭብጡ ውስጥ ጨመደደው።

ሆቴሉ ሌላ ሹፌር ወሰደ። ቀጮ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ቤት አልገባም፣ ቀጥታ ወደ መኪናው ሄደ። ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ አንድ ክንዱ ታስሯል። በደህናው እጁ የፓራውልቱን ጫፍ ዳስሶ አገኘና ሳበው። ዳር እስከ ዳር ተላጠ። ክሮሙ አባታችን እንደተወው ወጣ።

«ጋሼ፣ ጭረት ፈልግበት» አለ። «እኔ በአንድ ዓይን አልተለማመድኩም፣ አንተ ፈልግ።»

ጋሼ ተንበርክኮ ፈለገ። አንድ ጭረት ነበር፤ ያን ቀን በቁልፉ የፋቀው። ጣቱን አስቀመጠበት።

ቀጮ መዳፉን ዘርግቶ ክሮሙ ላይ ለጠፈ። ሲያነሳው አምስቱም ጣቶቹ ታትመው ቀሩ። የጋሼ እጅ በልማድ ኪሱ ገብቶ ጨርቁን አወጣ።

«ጥረገውና» አልኩት፣ «ያን እጅህን በመቀሴ እቆርጠዋለሁ።»

ጨርቁን መሬት ላይ ጣለው። አሻራው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።