ከሐሞት የመጣ ራስ ምታት

መቀሱ ከጨርቁ ላይ ተንሸራትቶ ጠረጴዛውን ነከሰ። ረቢያ ዓይኖቿን አሸችና ደግማ ሞከረች፤ አሁንም መስመሩን ሳተችው።

"ሙሄዲን፣ አንተ ቁረጥላቸው" አለች። "ሁለት ሁለት እየሆነብኝ ነው።"

ደንበኛዋ ሳቀች። ሙሄዲን አልሳቀም። ሚስቱን ራስ ምታት ከያዛት ሰንብቷል፤ የወባ መድኃኒትም የታይፎይድ መርፌም አላሻላትም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄደው ራሷን በማሽን ታየች፤ ከጀርባዋም ፈሳሽ ተቀዳላት። ውጤቱ አማን ሆስፒታል ላለው ሐኪማቸው ይላካል ተብለው ወደ ሚዛን ከተመለሱ ሳምንት ሆኗቸዋል።

ጨርቁን ቆርጦ ሳይጨርስ ረቢያ ደጃፉ ላይ አስመለሳት። ሙሄዲን ሱቁን ዘግቶ እህቷን ዙሌይካን ጠራና በባጃጅ ወደ አማን ይዘዋት ሄዱ።

ዶክተር ገብረወልድ ረቢያን አስተኝቶ ሙሄዲንን ብቻውን ወደ ቢሮው አስገባው።

"የመጨረሻው ውጤት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ካንሰሩ ተመልሷል።"

ከሁለት ዓመት በፊት ረቢያ ለጠጠር ብላ የሐሞት ከረጢቷን ስታስወጣ ካንሰር ተገኝቶበት ነበር። ገና ጅምር ነው፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ተብለው ደስ ብሏቸው ነበር የተመለሱት።

"ሆዷን እኮ አያማትም" አለ ሙሄዲን።

"ሆዷ ላይ አይደለም። አንጎሏን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ ነው የተሰራጨው። ከጀርባዋ የተቀዳው ፈሳሽ ውስጥም ተገኝቷል።"

"ሐሞትና ራስን ምን አገናኛቸው?"

"በደም ተጉዞ ሊደርስ ይችላል። ግን እጅግ ብርቅ ነው። እኔም አጋጥሞኝ አያውቅም።"

"ብርቅ ከሆነ ተሳስተው ቢሆንስ?"

"እንደ እርስዎ ተጠራጥሬ ደግመው እንዲያዩት ጠይቄ ነበር። ያው ነው።" ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሕመሙን ማስታገስ እንችላለን። የሚያድናት ግን የለም። ጊዜውም አጭር ነው።"

ሙሄዲን ከቢሮው ሲወጣ የመጣበት መንገድ ጠፋው። ራሱን ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ አገኘው። ምሳ ዕቃ የያዘች ሴት ፈገግ ብላ "ወንድ ነው ሴት?" አለችው።

"አላውቅም" አላት።

ዙሌይካ ፈልጋ አገኘችው። የሰማውን ሲነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "እንዳትነግራት" አለችው። "የነርቭ ነው በላት። ለአርዋም ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳይነገራት።" አርዋ እዚያው ሚዛን ዩኒቨርሲቲ የምትማር ብቸኛ ልጃቸው ናት።

ሙሄዲን ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ወደ ክፍሏ ሲገቡ ረቢያ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድና በሌላው አየችው።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

የነርቭ ሊል አፉን ከፈተ። ተወው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ያ የሐሞቱ ነው። ወደ ራስሽ ወጥቷል።"

ዙሌይካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ረቢያ መዳፏን ከዓይኗ አወረደች።

"ሆዴን ምንም አላለኝም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"መድኃኒት አለው?"

ሙሄዲን እጇን ያዘ።

"ለአርዋ ደውልልኝ" አለች ረቢያ። "ከሰው አትስማ። እኔ ልንገራት።"

"ፈተናዋስ?" አለች ዙሌይካ።

"ትምጣ።"

ሙሄዲን ደወለና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት።