የሆድ ዘበኛዋ

አፖሎኒያ ዳቦውን በቢላ ወጋችው።

«ምነው እትዬ?» አለች የልዕልቲቱ ደንገጡር ጉንድል፣ ሳህኑን እንደያዘች። «ጥቁር ዳቦ ነው እኮ!»

«ትልቅ ነው።»

«ትልቅ ዳቦ አይተሽ አታውቂም?»

«ልጅ የሚያህል አላየሁም» አለችና ለሁለት ገመሰችው። ውስጡም ዳቦ ነው። ተናደደች፤ ተናዳም ግማሹን በላችው። መጠራጠር ሆድ ያስርባል።

ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም፣ ሥራዋ ነው። የኤርለንዋልድ መስፍን ከፈረስ ወድቆ ሲሞት ልጅ አልነበረውም፤ ሚስቱ ልዕልት ዮስፊና ግን እርጉዝ ነበረች። ወንድ ከወለደች ግዛቱ የልጁ ነው፣ እስኪያድግም እናቱ ትገዛለች። ሴት ከወለደች ግን አገሩ ከነቤተ መንግሥቱ፣ ከነአሳማው ወደ ታችኛው ቤት ይዞራል፤ ማለትም ወደ ሟቹ ያጎት ልጅ፣ ወደ ባላባቱ ግራፍ ቦቶ። ላይኛው ቤት ኮረብታው ላይ፣ ታችኛው ቤት ወንዙ ዳር ነው። ያንድ አያት ልጆች ናቸው ይባላል እንጂ ዝምድናቸውን ያየ የለም፤ አንዱ ለሌላው ወይን ቢልክለት መጀመሪያ ለውሻው ነው የሚያቀምሰው።

ስለዚህ ባገሩ ልማድ የመስፍን መበለት ስታረግዝ ታችኛው ቤት አንዲት የወለደች ሴት ይልካል። የሆድ ዘበኛ ይሏታል። በሩ ላይ ወንበር ይሰጣታል፤ የሚገባውን ሁሉ ትፈትሻለች፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ትዳብሳለች። ልጅ ሲወለድ ታቅፋው ወደ ትልቁ ደረጃ ትወጣና ሁለቱ ቤቶች ፊት «የሷ ነው» ወይም «የሷ አይደለም» ትላለች። በቃ፣ ቃሏ ሕግ ነው። እስክትናገር ድረስ ደግሞ ማንም አይነካትም፣ ከዚያ ግቢም ማንም በገዛ ፈቃዱ አይወጣም።

ቦቶ አፖሎኒያን የመረጣት ለዓይኗ ብሎ አይደለም። አንድ ልጇን ይዞባታል። ሰውዬው የሰው ልጅ እያፈሰ ለባዕድ ንጉሥ ወታደር አድርጎ የሚሸጥ ነው፤ ልጇን ክዊሪንንም ቢራ ቤት ከተቀመጠበት አንስተው ወንዝ ዳር ካለው የወታደር ሰፈር ቆልፈውበታል። ባሕር ማዶ ሊጫን ነው።

«ያቺ ሴትዮ ታጭበረብራለች» ብሏታል ቦቶ። «ያዢልኝና ልጅሽን ውሰጂ። ካልያዝሽልኝ ግን...» ብሎ በመዳፉ መርከብ ሠርቶ ጠረጴዛው ላይ አስኬደው። በአፉም እንደ ማዕበል ሹሹሹ አለ። ሽማግሌ ሰውዬ!

እንግዲህ አፖሎኒያ ማጭበርበሩ እንዲኖር ተመኘች። ተመኘች ብቻ አይደለም፣ ለምና ጸለየች። የሙዚቀኛውን ትልቅ መሰንቆ ከነማኅደሩ አስከፈተችው። የመጡትን ትራሶች ሁሉ ጨመቀች። መጀመሪያ ቀን የልዕልቲቱን ሆድ ስትዳብስ ጨርቅ ይሆናል ብላ ቆንጠጥ ብታደርገው፣ ከውስጥ አንዱ እጇን በርግጫ አላት።

«ባለጌ ነው» አለች ዮስፊና፣ «ባባቱ ወጥቷል።»

«ይቅርታ እመቤቴ» አለች አፖሎኒያ፤ በሆዷ ግን ‹ወይኔ ክዊሪን፣ እውነተኛ ሆድ ነው› አለች።

ከዚያ በኋላ ጉንድል መሳሳት ጀመረች። አንድ ጠዋት ሽርጧ ሥር የሆነ ነገር ደብቃ በኮሪደሩ ስታልፍ ወለሉ ላይ ነጭ ነጭ ጠብታ ጣለች። አፖሎኒያ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችና ቀመሰችው። ወተት ነው። ሞቅ ያለ። ጉንድል ደግሞ ወተት ካየች የምታስመልስ ሴት ናት፤ ማዕድ ቤቱ በሙሉ ይስቅባታል።

አፖሎኒያ ጫማዋን አውልቃ ተከተለቻት። ጉንድል አንሶላ ወደሚቀመጥበት ክፍል ገባች። በሩ ሲከፈት ትልቅ የልብስ ቅርጫት አጠገብ ተንበርክካ በጨርቅ ጫፍ ወተት ስታጠባ ደረሰችባት። ቅርጫቱ ውስጥ ወንድ ሕፃን አለ። ቀይ፣ ራሰ በራ፣ ጭንቀት የሚባል የማያውቅ።

«ያዝኩሽ!» አለች አፖሎኒያ። ደስታዋ ሊያስጨፍራት ደርሶ ነበር።

«እትዬ ስሞትልሽ ቀስ በይ!»

«የማን ነው?»

«ወፍጮ ቤት የምትሠራ አንዲት ምስኪን ወልዳው ሞተች፤ ዘመድ የለውም» አለች ጉንድል። «አንቺ ትራስ ስትጨምቂ ነው በቅርጫት ያስገባነው።» «ምናልባት ሴት ከተወለደች ብለን ነው። ለምናልባት ብቻ! እመቤቴ ወንድ ከወለደች አንፈልገውም።»

«አንፈልገውም? ታዲያ የት ታደርጉታላችሁ?»

ጉንድል ዓይኗን አሽሽታ የጨርቁን ጫፍ ትጨምቅ ጀመር። ነገሩ አፖሎኒያን አላማራትም። አንድ ነገር ልትላት አፏን ስትከፍት ከመኝታ ቤቱ ዮስፊና ጮኸች። ምጥ ነው። አፖሎኒያ ጉንድልን ገፍታ አስወጣች፣ ክፍሉን ቆለፈች፣ ቁልፉን ጡቷ መሃል ወሸቀችና ሮጠች።

ከአልጋው ግርጌ ንቅንቅ አላለችም። የአዋላጇን እጅጌ እስከ ክርኗ አስጠቀለለቻት። ባይኗ በብሌኑ አየች፤ ጭንቅላቱ ወጣ፣ ትከሻው ወጣ፣ ወጥቶም ሳያልቅ ወንድነቱን አሳየ።

ወንድ ነው። እውነተኛ የዮስፊና ልጅ ነው። ቅርጫት ውስጥ ያለው ደግሞ እውነተኛ የማጭበርበር ማስረጃ ነው። ያንን አውጥታ ብታሳይ፣ አዋላጇ ይሄኛው የዮስፊና ነው ብላ ብትምልም የሚያምናት የለም።

«አፖሎኒያ» አለች ልዕልቲቱ፣ ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፤ ጉንድል የቅርጫቱን ነገር ጆሮዋ ላይ አንሾካሹካላታለች። «እውነቱን አይተሻል። ተናገሪ፣ ልጅሽን እኔ አስለቅቅልሻለሁ።»

«ከተናገርኩ በኋላ ማን ያስታውሰኛል እመቤቴ?»

«ቃሌን እሰጥሻለሁ!»

«ቦቶም ሰጥቶኛል» አለች አፖሎኒያ። ሕፃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችና ወጣች።

ደረጃው ሥር ግቢው ጢም ብሏል። በቀኝ የላይኛው ቤት ሰዎች ከነዘበኞቻቸው፣ በግራ የታችኛው። ቦቶ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከንፈሩን በምላሱ እያረጠበ ጠቀሳት። አፖሎኒያ ቆመች። ‹የሷ አይደለም ብል› ብላ አሰበች፣ ‹ሰውዬው መስፍን ይሆናል። መስፍን ከሆነ በኋላ ልጄን ቢሸጠው ማን ይጠይቀዋል? ያችኛዋም ብትሆን ዙፋኗን ካገኘች የጎረምሳ ስም ታስታውሳለች?› ከዚያ ምን አደረገች? ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«በይ እንጂ!» አለ ቦቶ።

«ልጄን ሳላይ አፌ አይከፈትም።»

ግቢው አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ «አስገድዶ ማናገር በልማዱ ክልክል ነው» አለ፤ የተቃወመው የለም። የላይኛው ቤት ሰዎች ፊት አመድ መሰለ። ቦቶ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አያችሁ? የያዘችው ነገር አለ! ባዶ እጇን ቢሆን ዋጋ ትጠይቅ ነበር?» ወደ ሎሌው ዞረ። «ሂድ፣ ልጇን አምጣላት! በፈረስ!»

ጠበቁ። የተራበ ተራበ፣ መሽናት ያማረውም ቻለው። ትንሹ መስፍን ብቻ አልቻለም፤ አፖሎኒያ ጭን ላይ ለቀቀው። መጨረሻ ላይ ክዊሪን መጣ፤ ከስቷል፣ የወታደር ኮቱ ሁለት እሱን ይይዛል።

«እማ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለ ደንግጦ።

«ዝም ብለህ ውጣ። ና ወደላይ። ጨምር። አሁንም ጨምር።» አልፏት ከላይኛው ቤት ዘበኞች ኋላ እስኪቆም አስወጣችው። ያኔ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ልጁን ከፍ አደረገች።

«የሷ ነው!»

ቦቶ እንደ ደወል የሚጮህ መሰለው፤ የወጣው ግን ሲጥ የሚል ነገር ነው። «ሌባ! ልጁን መልሺ!»

«የቱን?» አለች አፖሎኒያ። «ይሄኛው የናቱ ነው። ያኛው የኔ።»

ዘበኞቹ ጦራቸውን ወደ ታች አዞሩ። ቦቶም ከነሎሌዎቹ በመጣበት ተመለሰ። ዮስፊናም ልጇን ስትቀበል የአፖሎኒያን እጅ ሳመች፤ አፖሎኒያ ግን ጣቶቿን ቆጠረች፣ አንዱ የጎደለባት መስሏት።

ከዚያ ቁልፉን አወጣችና ቅርጫቱን አነሳች።

«የት ልትወስጂው ነው?» አለች ጉንድል።

«ትርፍ ልጅ እዚህ ቤት አይበረክትም።»

ጉንድል ዓይኗን ሰበረች። አልተከራከረችም። አፖሎኒያም የፈራችው ይሄንኑ ነበር።

እናትና ልጅ ቅርጫቱን ባንድ ባንድ እጀታ ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ክዊሪን ሲሄድ ሲሄድ ቆየና አንገቱን አዞረ።

«እማ፣ ቦቶ ባያመጣኝ ኖሮ ምን ትይ ነበር? ‹የሷ አይደለም› ትይ ነበር?»

አፖሎኒያ ከኪሷ ቋሊማ አወጣች። «ብላ» አለችው።

ክዊሪን ቋሊማውን ተቀበለ፣ አልበላም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱን በጎን እያየ፣ ቅርጫቱን ወደ ራሱ ትንሽ ሳብ አደረገ።