የላፕቶፑ ጸሎት

አባቴ አቶ ደረሰ ሳይጸልይ ሻይ አይጠጣም፣ ባጃጅ አይሳፈርም፣ የተቃጠለ አምፖል እንኳ አይቀይርም። ጸሎቱ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እሱ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ አለው።

ያን ቅዳሜ ላፕቶፔ አልነሳም አለ። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላለ ሥራ የመቀጠሪያ ፈተና አለብኝ። ፈተናው ካሜራ ባለው ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሰዓቱ ካለፈ አለፈ። ሲስተሙን በፍላሽ እንደገና ልጫንበት ብል ፍላሹን አላውቀውም አለኝ። ደግነቱ ጎረቤታችን ዘሪሁን ሰርግ ይቀርጻል፤ ሙሽሮች ዛሬም ዲቪዲ ካልተሰጠን ስለሚሉ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማጫወቻ አለው። እሱንና የመጫኛ ዲስኩን አቀበለኝና ካሜራውንና የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ቱላ ወዳለ ሰርግ ከነፈ።

ሰክቼ ማብሪያውን ስጫን አባዬ እጄን ያዘኝ።

"ሩታ፣ እስቲ ዓይናችንን እንጨፍን።"

ጨፈንን። ማጫወቻው ጉር ጉር ሲል ይሰማኛል። አሜን ብለን ስንገልጥ ስክሪኑ ጥቁር፣ ሲስተም የለም የሚል ጽሑፍ ብቻ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ዲስኩን በሸሚዜ ጫፍ ወልውዬ ደገምኩ። ጸለይን። ያው ነው። ገመዱን ቀየርኩ። ጸለይን። ያው ነው። ዘሪሁን ጋ ስደውል ከዘፈኑ መሃል "ዲስኩ ደህና ነው! ትናንት ሞክሬዋለሁ!" ብሎ ጮኸብኝ።

"አባዬ፣ በቃ ተወው! ይሄ በጸሎት የሚሆን ነገር አይደለም!" አልኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

"አንዴ ብቻ፣ ልጄ።"

እሱን እምቢ ማለት አልችልበትም። ማብሪያውን ተጫንኩና ጨፈንኩ።

"ጌታ ሆይ" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "እናቷን ከወሰድክ ወዲህ እዚህ ቤት እኔና እሷ ብቻ ነን። ይህ ዕቃ ከተነሳ ትሄዳለች። አውቃለሁ። ቢሆንም አስነሳው።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጸሎት መሃል ዓይኔን ገለጥኩ። አባቴን ልይ ብዬ ነበር። ስክሪኑ አናት ላይ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ብቅ ብላለች፦ ከዲስኩ ለመነሳት ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ። ለካ እኛ ጨፍነን ስንማጸን መስመሯ ጠብቃ ጠብቃ ትሄድ ኖሯል! እጄ የደረሰበትን ቁልፍ በቡጢ መታሁት። ሰማያዊው የመጫኛ መስኮት ወለል ብሎ ተከፈተ።

አባዬ አሜን ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ ሲስተሙ መጫን ጀምሯል።

"አየሽ! ጸሎት እንዲህ ነው!" አለ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ እየሳቀ።

ስለ ቁልፉ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "አየሁ አባዬ" ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ያን ጸሎት ባይጸልይ ኖሮ እኔ ዓይኔን መቼ እገልጥ ነበር?