የሦስት ደቂቃዋ ጣውላ

ልብስ ተኳሿ አሰልጣኙን ገና ከበሩ ሲገባ ነው የናቀችው። አልተሳሳተችምም። ሰውዬው ነጭ ሸሚዙን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ አርባ ሴት ራስ ምታቷን ተሸክማ በምትውልበት የልብስ ፋብሪካ ስለ ጉልበት ሊያስተምር መጣ። እሰይ!

ትምህርቱስ መልካም ነበር። ቁርስ ሳትበሉ ሥራ አትግቡ፣ ከምሳችሁ እንቁላልና ጥራጥሬ አይጥፋ፣ በላብ የወጣውን ውሃ መልሱ፣ በቀን ስምንት ብርጭቆ ጠጡ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ ውሃ አንሷችኋል አለ። በየመሀሉ ከጠርሙሱ እየተጎነጨ «እንደዚህ» ይላል። ውሃ አጠጣጥ የማያውቅ ያለ ይመስል! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው እንዲህ ያለው ትምህርት ነው።

የተኳሿ ሽንት ከጠቆረ ከርሟል። እንፋሎት በሚተፋ ካውያ ፊት ስምንት ሰዓት ቆማ የምትጠጣው አንዲት ብርጭቆ ናት፣ እሷንም በምሳ ሰዓት። ሐኪሙ ኩላሊትሽ ጠጠር ይዟል፣ ውሃ ካልጠጣሽ አንዱን ታጪዋለሽ ብሏታል። ውሃውማ ሞልቷል፤ በርሜሉ አጠገቧ ነው። የጠፋው መውጫው ነው። ለአርባ ሴት አንድ ሽንት ቤት፣ ለሽንት ቤቱ አንዲት የጣውላ ቁራጭ። ጣውላዋን ሳይዝ ማንም አይወጣም፤ የያዘችም በሦስት ደቂቃ መመለስ አለባት። ካለፈች ተቆጣጣሪው፣ በሌለበት አቶ ደቂቃ የሚሉት፣ ሰሌዳው ላይ በስሟ ትይዩ ኤክስ ያሰፍራል። ሦስት ኤክስ ስንብት ነው። ተኳሿ ሁለት አላት። እንግዲህ ወይ ኩላሊቷን ወይ ሥራዋን ትምረጥ።

ይኼን ሁሉ አቶ ደቂቃ ያውቃል። እሱ ግን እጁን አጣምሮ አሰልጣኙ በተናገረ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው።

ውሃ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ሁለት ሊትሩ ሲያልቅ አሰልጣኙ አንዴ በዚህ እግሩ አንዴ በዚያኛው መቆም ጀመረ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወደ አቶ ደቂቃ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። የቢሮውን ሽንት ቤት ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ይዞት ወጥቷል። አቶ ደቂቃ የግዱን ጣውላዋን ሰጠው። ባለ ነጭ ሸሚዙ ጣውላ ይዞ ሲሮጥ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡ። ተኳሿ ግን የግድግዳውን ሰዓት ታይ ነበር።

ሲመለስ፣ «ጌታዬ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቶብዎታል» አለችው። «ለእኛ የተፈቀደው ሦስት ነው። ስምንቱን ብርጭቆ የት እናድርሰው?»

አሰልጣኙ ሰሌዳውን አየ፣ ኤክሶቹን አየ። ገባው፤ መግባቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ አቶ ደቂቃን አየ። ለሚቀጥለው ሥልጠና እሱን የሚጠራው አቶ ደቂቃ ነውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ፣ እንደየሥራው ጠባይ ነው» አለ። «አንድ ብርጭቆም አይከፋም።»

ቱ! ከእንዲህ ያለው ሰው ባዶ ጠርሙሱ ይሻላል።

ተኳሿ ካውያዋን አቁማ ከበርሜሉ ቀዳች። ጠጣች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። አራተኛውን ስትጨርስ ጣውላዋን ከአሰልጣኙ እጅ ወስዳ፣ ከጠዋት ጀምራ የያዘችውን ሽንት ልትሸና ማንንም ሳትጠይቅ ወጣች። አሥር ደቂቃ ቆየች፤ ጠጠር ያለበት ሰው ቶሎ አይጨርስም።

ስትመለስ አንድም ማሽን አይሰማም። ሠላሳ ዘጠኙ ሴቶች ብርጭቆ ብርጭቋቸውን ይዘው በርሜሉ ጋ ተሰልፈዋል። አቶ ደቂቃ ጠመኔውን እንደያዘ ሰሌዳው ፊት ቆሟል፤ በስሟ ትይዩ ሦስተኛውን ኤክስ ገና አልጻፈም። ከሰልፉ ፊት የነበረችው ጠጥታ ጨረሰችና ለጣውላዋ እጇን ዘረጋች። ተኳሿ ሰጠቻት።

«ጻፍ እንጂ፣ በእኔ ጀምር» አለችው አቶ ደቂቃን፤ አምስተኛውን ልትቀዳም ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።