ፈንታ ያስረከበው መሣሪያ

«መሣሪያ ያለው ያስረክብ፤ ባዶ እጁን የመጣ ይገረፋል» ብሎ ጣሊያን ሮብ ገበያ ላይ ነጋሪት ሲያስጎስም፣ ፈንታ ውጅግራ ጠመንጃውን በቅቤ አሽቶ ከበሬዎቹ ጋጣ ሥር ከቀበረ ሰነባብቷል። ጉድጓዱን ሲቆፍር ሾል ሾል ያሉ ጥቁር ድንጋዮች ወጥተውለት ነበር። ሚስቱ ማንጠግቦሽ «የመብረቅ ጥርስ ነው፤ ቤት ይጠብቃል» ብላ ምሰሶው ላይ ሻጠቻቸው።

መቼም ፈንታ ጠመንጃውን ከሚሰጥ ሚስቱን ቢሰጥ ይቀለው ነበር።

«እኔንማ ለምርቃት ይጨምሩኝ ነበር» አለችው እሷም።

ፈንታ ሁለቱን ድንጋይ ይዞ ጣሊያን ምሽግ ገባና፣ «የአባቶቼ መሣሪያ ይኸው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አስተርጓሚው ወልደ ሰንበት ለጅራፉ ቦታ ለቀቀ። የጣሊያኑ ሻምበል ግን መግረፉን ረስቶ ድንጋዮቹን በአጉሊ መነጽር ያገላብጥ ጀመር።

«የጥንት አዳኞች ጦር ነው። ግርጌው የሳሳው ከዘንግ እንዲታሰር ነው፤ ጫፉ የተሰበረው አጥንት መትቶ ነው። የት አገኘኸው?»

ፈንታ እውነቱን ቢናገር ሰውዬው ጋጣውን ሊቆፍር ነው። «ወንዙ አጠገብ፣ ከጠባቡ መውረጃ» አለና ቤቱ ሮጦ የቀሩትን ድንጋዮች እዚያ ዘራቸው። ማንጠግቦሽ «እንግዲህ መብረቁን አንቱ መልሱት» ብላ አኮረፈች።

በማግስቱ ሻምበሉ ድንጋዮቹን «አገኘ»። ደስታው የሙሽራ ነበር።

«አዳኙ ከዚህ ቋጥኝ ጀርባ አድፍጧል» አለ ተንበርክኮ። «አውሬው ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ መሸሻ የለውም። ነፋሱ ሽታውን አይወስድበትም። መሪውን ከጣለ የቀሩት መንገዱ ላይ ይታፈናሉ።»

ፈንታ ቋጥኙ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ አሻግሮ አየ። ከደብረ ማርቆስ የጣሊያን ስንቅ የሚጭኑት በቅሎዎችም የሚወርዱት በዚሁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት አንድ ቀን እንኳ ይህን አለማሰቡ በራሱ አናደደው። ድንጋዮቹ የውሸት ተዘሩ እንጂ ትምህርቱስ እውነት ነበር።

ፈንታ ለራሱ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አለ?» አለ ሻምበሉ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ።

«በደንብ ገብቶኛል ይላል» አለ ወልደ ሰንበት።

ክረምቱ ሲወጣ ፈንታ ጋጣውን ቆፈረ፣ የጠመንጃውን ቅቤ ጠረገ፣ ጎረቤቶቹን ይዞ ቋጥኙ ጀርባ አደፈጠ። ነፋሱ ልክ እንደተባለው ነበር። ሻምበሉ ደብረ ማርቆስ ላሉ አለቆቹ ያሳያቸውን ድንጋዮች በሣጥን አስጭኖ በስንቁ መካከል ይመለስ ነበር።

መጀመሪያ መሪዋ በቅሎ ወደቀች። የቀሩት መንገዱ ላይ ተፋፈጉ። ሻምበሉ ቀና ብሎ ቋጥኙን አየ፤ ያስተማረው ትዝ ሳይለው አይቀርም።