ወድቀዋል?

ሰርኬ ሰዓቱን የወደደችው አማርኛ ከለመደ በኋላ ነው። ልጇ ሔለን እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥረውን ይህን ሰዓት ለደም ግፊትሽ ይረዳሻል ብላ ስታስርላት ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር። ሰርኬ ደግሞ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ቤቴል ካለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብታ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው።

«አማርኛ የሚያወጣ አዲስ ሶፍትዌር አለ፤» አለች አየር ጤና ስልክ የምትጠግነው ሔለን። «ግን ቤታ ነው እማ፣ ገና ሙከራ ላይ ነው። ባትሪ ይጨርሳል፣ ያልሆነውን ሆነ ይላል። ወደ ድሮው ልመልስ ብትይ ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

«እኔስ ሙከራ ላይ አይደለሁ? ጫኚልኝ።»

ሔለን እያቅማማች ጫነችላት። ሰርኬ ሳምንቱን ሙሉ ክንዷን እያነሳች «እር-ም-ጃ»፣ «የል-ብ ም-ት» ስትል ሰነበተች። ልብስ ስታጥብ «እየዋኙ ነው» ያላት ቀን ብቻዋን ስትስቅ ዋለች።

የሚያስጨንቃት የቅዳሜ ጠዋቱ ፈተና ነበር። ያለፈ የጎልማሶቹን ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ይገባል፤ የወደቀ ከሀ ሁ ይጀምራል። እሷ ደግሞ «ሁለተኛ ልገባ ነው» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ቅዳሜ ደረሰና መምህር ቡልቻ አሥር ቃል እየጠራ ያጽፋቸው ጀመር። ሦስተኛው ቃል «ጠረጴዛ» ነበር። ጠረጴዛው ከፊቷ ቆሟል፤ «ጴ» ግን ከጭንቅላቷ ወጥታለች። በንዴት በቡጢ ደለቀችው። ወዲያው ሰዓቱ ተንቀጠቀጠና ጻፈ፦

«ወድቀዋል?»

ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አሉ። ሰርኬ ሳትንተባተብ አነበበችው። ማን ነገረው? «አይ» እንዳትል ገና አልታረመም፣ ውሸት ይሆናል። «አዎ» እንዳትል በራስ ላይ ማሟረት ነው። ሳትነካው እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀችው። ሰዓቱም መልስ ቢያጣ ለሔለን ስልክ መልእክት ላከ።

ወረቀት ተሰብስቦ ሳያበቃ ሔለን የጥገና መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች እያለከለከች ገባች።

«እማ፣ የቱ ጋ ነው የወደቅሽው?»

«ሦስተኛው ላይ መሰለኝ፤» አለች ሰርኬ አንገቷን ደፍታ።

«ሦስተኛው ደረጃ ላይ?»

«ኧረ ሁለተኛም አልገባሁ።»

«በጣም ያምሻል?»

«እንዴት አያመኝ? ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬ።»

ሔለን ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት መዳበስ ጀመረች። «እርሳስ ነው የያዘችው፤» አሉ ከኋላ የተቀመጡት ጋሽ ደግፌ፣ «በጉልበት አልተፈተንንም።»

ሔለን ስልኳን አውጥታ ሰዓቱ የላከላትን አሳየቻቸው፦ «ሰርኬ ወድቀዋል። እርዳታ ያስፈልጋቸዋል።» እናቷ ስለ ጠረጴዛውና ስለ ቡጢው ስትነግራት ነገሩ ገባትና አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«መሬት ላይ የተዘረርሽ መስሎት እኮ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያልበሰለ ነገር ክንድሽ ላይ አሰርኩ።» ሳቋ እየበረደ ሄደ። «ከምር የወደቅሽ ቀን ደግሞ ዝም ቢልስ? ዛሬውኑ ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ።»

ሰርኬ ግን ወደ መምህሩ ዞራ ነበር። «መምህር፣ እንግዲህ ልጄም መጥታለች። እዚሁ ያርሙልኝና ልወቀው።»

መምህር ቡልቻ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ አጎነበሰ። «ጠረቤዛ» የሚለው ላይ ኤክስ አደረገ፤ ሰርኬ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሦስተኛው ላይ እውነትም ወድቀዋል፤» አላት። «ግን ከአሥር ስምንት አምጥተዋል። ሁለተኛ ደረጃ ገብተዋል።»

ሰርኬ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። ከዚያ ሔለን ሰዓቱን ልትፈታ ስትል ክንዷን ሰበሰበች።

«ቆይ። ሙከራ ከሆነ ለሠሪዎቹ የሚጻፍበት የለውም?»

ሔለን ስልኳ ላይ «አስተያየት ይላኩ» የሚለውን ከፈተችላት። ሰርኬ በአንድ ጣቷ እየፈለገች፣ ጋሽ ደግፌ ከትከሻዋ በላይ እያዩ፣ ጻፈች፦

«ሰው መሬት ሲነካ ወድቀዋል አትበሉ። ተደናቅፈዋል በሉ። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። አልፌአለሁ።»

«የመጨረሻዋ እኮ ለእነሱ አታስፈልጋቸውም፤» አለች ሔለን።

«ታስፈልጋቸዋለች፤» አለች ሰርኬና ላከችው።