ማይክሮፎኑ ያላየው አዎ

ቶርኬል የስቶክሆልም ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበር። የድሮ ታሪክ ነፍሱ ነው፤ የታሪክ ዝግጅቱን የሚያዳምጥ ግን ጠፋ። አለቃው አርቪድ ቁርጡን ነገረው። «የሚቀጥለው ካልተደመጠ ከማግስቱ ጀምሮ የባሕር አየር ጠባይ ታነባለህ።»

ነፋስ ከወዲህ፣ ማዕበል ከወዲያ እያሉ ጡረታ መጠበቅ ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቬስተርቦተን ወጣ። እዚያ ሄድቪግ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ድሮ አንድ የስዊድን ንጉሥ ከነሠረገላቸው ጭቃ ውስጥ ሲገለበጡ የሄድቪግ ሴት አያት አይተዋል ይባላል። መጽሐፍ ይህን አያውቅም።

ቶርኬል ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። ሄድቪግ እንደ ሰሜን ሰው ልማድ ቡናው ውስጥ አይብ ጨመሩለት።

«ብላ እንጂ አንተ ልጅ! በዚህ ቅጥነትህ ነፋስ ይወስድሃል።»

እስከዚያ አፋቸው አልተዘጋም። የቀጥታ ስርጭቱ ቀይ መብራት ሲበራ ግን ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እማማ ሄድቪግ፣ አያትዎ ንጉሡን በዓይናቸው አይተዋል?»

ጸጥ።

«ጭቃ ውስጥ እንዳሉ?»

ጸጥ።

አርቪድ በጆሮ ማዳመጫው ጮኸ። «ሴትዮዋ ሞቱ እንዴ? ሙዚቃ ልለቅ ነው!»

ቶርኬል ግራ ገባው። ሴትዮዋ እኮ እየመለሱ ነው። የሰሜን ሰው አዎ የሚለው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው። እሱ ፊታቸውን እያየ ገብቶታል፤ ማይክሮፎን ግን ዓይን የለውም። አንስቶ ከንፈራቸው ሥር ደቀነው።

«ጎትተው ያወጧቸውም አያትዎ ናቸው?»

«ሽውፕ!»

ስዊድን በሙሉ ሰማ።

«ምንድነው እሱ? ጎማ ፈነዳ?» አለ አርቪድ።

ሄድቪግ አሁን ሞቅ አላቸው። «በጢሙ ነዋ የጎተተችው! ሌላው አካሉ ጭቃ ውስጥ ነው፤ በምኑ ትያዘው?»

ከሰሜን ስልክ ጎረፈ። «ሬዲዮ እንደኛ ሲናገር ገና ዛሬ ሰማን» አሉ። ከደቡብ ደግሞ «ጢሙስ ተረፈ?» ብለው ጠየቁ። ቶርኬል በኋላ ስሙን ያስጠራውን መጽሐፍ የጀመረው በዚሁ ጢም ነው። «ማስረጃ የለኝም፤ ሄድቪግ ግን አዎ ብለዋል» ብሎ ጻፈ።

ማምሻውን፣ ገና ከሄድቪግ ቤት ሳይወጣ፣ አርቪድ ደወለ።

«በል፣ ዝግጅትህ ይቀጥላል። ለሚመጣው ሳምንት ሌላ አሮጊት ታገኛለህ?»

ቶርኬል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

«ሃሎ?» አለ አርቪድ። «ቶርኬል? አለህ?»